«ነፍስ ይማር» ብሎ ማለፍ ክልክል ነው

ሰሞኑን ስልኬ ሞልቶ አልሠራም አለኝ። ፎቶ ልቀንስ ብዬ ስገባ የሻማ መዓት ጠበቀኝ። ሻማ፣ ጥቁር ሪባን፣ መሐል ላይ የአንድ ታዋቂ ሰው ፎቶ፣ ከሥሩ «ነፍስ ይማር»። ባለፉት ዓመታት ሰው በሞተ ቁጥር እየተላከልኝ ያስቀመጥኩት ነው። የፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም አለ፤ መስከረም 2013። የአበበች ጎበና አለ፤ ሰኔ 2013። የዓለማየሁ እሸቴ፣ ነሐሴ 2013። የዓሊ ቢራ፣ ጥቅምት 2015። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፣ መጋቢት 2015። ሻማው አንድ፣ ጽሑፉም አንድ። ፎቶውን በአውራ ጣቴ ሸፍኜ ከሥር ያለውን ባነብ የማን ሞት እንደሆነ መለየት አልችልም።

ጥያቄዬ ከዚህ የመጣ ነው። በቅርብ ዓመታት ካጣናቸው ሰዎች አንዱን ምረጡና አንድ ነገር ንገሩኝ። ያያችሁትን፣ የሰማችሁትን፣ ቤታችሁ ድረስ የገባውን። ደንቡ ሁለት ነው። «ነፍስ ይማር» ብሎ ማለፍ ክልክል ነው። «ታላቅ ሰው ነበሩ»ም አይቆጠርም፤ ታላቅ ባይሆኑማ ሻማው መቼ ይበራ ነበር።

ጠሪው እኔ ነኝና እኔው ልጀምር። አባቴ ተቆጥቶ አያውቅም። የትምህርት ቤት ካርድ ይዤ ስመጣ ደረጃዬን ያያል፣ ካርዱን አጥፎ ኪሱ ይከታል፣ ከዚያ ቴፑ ላይ የዓለማየሁን «ተማር ልጄ» ይከፍታል። አስር ውስጥ ከገባሁ አንዴ ብቻ ነው። ካልገባሁ ካሴቱን እየመለሰ እስከ እራት ድረስ። ሠላሳ ሁለተኛ የወጣሁ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ደረጃዬን አወቀ። ዓለማየሁ የሞተ ዕለት ደወልኩለት። ትንሽ ዝም አለና «ለመሆኑ ስንተኛ ወጣህ?» አለኝ።

ከጥያቄዬ ሥር የተጻፉልኝን መልሶች በቁጥር እደረድራለሁ፤ ቃል በቃል ግን አልገለብጥም። አንዳንዱ ስድብ አለበት፣ አንዳንዱ ደግሞ የፊደል ግድፈቱ ዓይን ያጠፋል። በራሴ አፍ እነግራችኋለሁ።

ቁጥር 1። «ነፍስ ይማር» ብሎ ሄደ። የማንን ነፍስ እንደሆነ እንኳ አልነገረንም። ሦስት አራት ሰው ሳቀበት።

ቁጥር 2። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ሴት ናት። በአክብሮት ሰላምታ ጀምራ፣ ዓለማየሁን ካነሳህ ወንድሙንም ማንሳት ነበረብህ አለችኝ። አምሃ እሸቴን ማለቷ ነው። እሱም ያው በ2013 ነው ያረፈው፣ ሚያዝያ ላይ። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። አምሃ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ባለ ሙዚቃ ቤት ሆኖ በ1969 እ.ኤ.አ. ሕጉን ጥሶ አሳተመ። የመጀመሪያው ሸክላ ላይ የዘፈነው ደግሞ ራሱ ዓለማየሁ ነው። ደርግ ሲመጣ አምሃ አሜሪካ ገባ፤ ዋሽንግተን ውስጥ ምግብ ቤትና የሙዚቃ ክበብ ከፈተ። ሴትዮዋ ስንት ጊዜ እዚያ ክትፎ በልታ፣ ጥግ ላይ ቆሞ በር የሚያየው ሰው ማን እንደሆነ ሳትጠይቅ መውጣቷን እያዘነች ጻፈች። እሱ ማን መሆኑን ያወቀችው ፎቶው ከሻማ ጋር ሲመጣላት ነው።

ቁጥር 3። ይቅርታ እህቴ ብሎ የገባ አራሚ ነው። ወንድማማቾች አይደሉም። እሸቴ የሚባል አባት በአገሩ ሞልቷል፤ የአባት ስም ስለገጠመ ብቻ ወንድም ቢሆን ኖሮ ግማሹ አዲስ አበባ ወንድማማች ነው። አምሃ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ 103 ያህል ትንንሽ ሸክላዎችና አስራ ሁለት ትልልቅ ሸክላዎች እንዳሳተመም ጨመረ። እኔም እስከዚያች ደቂቃ ወንድማማቾች ይመስሉኝ እንደነበር በሹክሹክታ ልናዘዝ።

ቁጥር 4። ያቺው የሲልቨር ስፕሪንጓ ተመልሳ አመሰገነች። ግን ሦስት ጓደኞቿ ወንድሙ ነው ብለው እንደማሉላትና አሁን ከሦስቱም ጋር መጣላቷ እንደማይቀር አስታወቀች።

ቁጥር 5። ይቺ ከኢየሩሳሌም ናት። በልጅነቷ ከእናቷ ጋር ወደ እስራኤል የገባች። ሥራዋ አቅራቢያ ክቡ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ደብረ ገነት። በግንቡ ጥግ ወደ አውቶቡስ ስትሄድ አልፎ አልፎ ፒያኖ ትሰማለች። ሬዲዮ ይመስላት ነበር። ሬዲዮ አለመሆኑን ያወቀችው በአንድ ነገር ነው፤ ድምፁ አንድ ቦታ ላይ ደርሶ ይቆማል፣ ይመለሳል፣ ያችኑ ቦታ ደግሞ ይነካታል። ሬዲዮ ተሳስቶ አይመለስም። ማን ይሆን ብላ አንድ ቀን በሩን ልታንኳኳ ቆመች። አውቶቡሱ መጣ። ሄደች። መጋቢት 2015 ላይ እዚያው አውቶቡስ ውስጥ ሆና ስልኳን ስትከፍት ፒያኖ ተጫዋቿ እማሆይ ጽጌ ማርያም ማረፋቸውን አነበበች። ሴትዮዋ እስራኤላዊት አይሁዳዊት ናት፤ እማሆይ የተዋሕዶ መነኩሲት። በልጅነቷ ስለ ገዳም ብዙ ደግ ነገር እንዳልተነገራት በጨዋ ቋንቋ ጠቆም አድርጋ አለፈች። እኔም እንደሷ ልለፈው።

ቁጥር 6፣ 7፣ 8 እና 9ን አንድ ላይ ልጭመቃቸው። 6 እማሆይ ያረፉት በ100 ዓመታቸው ነው፣ ጋዜጠኞቹ ተሳስተዋል አለ። 7 የተወለዱት ታኅሣሥ 1916፣ ያረፉት መጋቢት 2015 ነው፤ ቀንስ፣ 99 ነው አለው። 6 እ.ኤ.አ. ነው የቆጠርኩት ሲል 7 በየትኛውም አቆጣጠር ሰው እኩል ነው የሚያረጀው ብሎ ዘጋው። 8 ለምን ሁሉም በአንድ አቆጣጠር አይጽፍም ብሎ ተማረረ። 9 የራሳችን እያለ ምን ሲደረግ ብሎ ተነሳ። ከዚያ ወዲያ ያለው ስለ ባሕረ ሐሳብ ነው፤ ሞቶቹ ተረሱ።

ቁጥር 10። እዚህ ላይ ነው ወሬው የከረረው። የድሬዳዋ ልጅ ነው፣ ሰላምታ የለውም። ዓሊ ቢራ ላይ ሻማ አብርታችሁ «ነፍስ ይማር» ስትሉ ሰውየው ሙስሊም መሆኑን የነገራችሁ የለም ወይ ነው የጠየቀው። «አላህ ይዘንለት» ማለት አፍ ያቆስላል ወይ። ቀጥሎ፣ ግማሾቻችሁ ቢራ የሚለውን ስም ከመጠጡ ጋር ታያይዙታላችሁ አለ። ዓሊ መሐመድ ሙሳ ነው ስሙ። ቢራ በኦሮምኛ ክረምቱ ሲያልፍ የሚመጣው ወቅት ነው፤ እኛ አደይ የምናይበት። ገና ልጅ ሆኖ አፍረን ቀሎ የሚባለው ቡድን ውስጥ ሲዘፍን ቢራ የሚል ዘፈኑ ስም ሆኖ ቀረበት። በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማልኛ፣ በዐረብኛ፣ በአማርኛ ዘፍኗል። ይሄ ሁሉ የተጻፈው በአንድ ትንፋሽ ነው፣ አራት ነጥብ የለውም።

ከዚያ ግን ይኸው ሰው ድንገት ለሰለሰ። ዓሊ ወደ ድሬዳዋ ለቀብር በመጣበት ቀን ከዚራ ያለው ፀጉር አስተካካዩ በሩን ግማሽ ዘግቶ ይሠራ ነበር። ሙሉ ቢዘጋ ዓሊ ይቀየመዋል፤ ድሬ በሥራ ቀን አይዘጋም። ሙሉ ቢከፍት ደግሞ ራሱ ይቀየማል። ስለዚህ ግማሽ። ደንበኛ ጎንበስ ብሎ እየገባ ጎንበስ ብሎ ይወጣል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ አንድ የዓሊን ዘፈን ሳያንጎራጉር አይነሳም፤ ዋጋው እሱ ነበር፣ የዚያን ቀን ገንዘብ አልተቀበለም።

ቁጥር 11 እኔ ነኝ። ልክ ነህ አልኩት። ሻማውን የሠራሁት እኔ ባልሆንም ያስቀመጥኩት ግን እኔ ነኝ። ያንን ፎቶ አጠፋሁት።

ቁጥር 12። ሞት ሞት ነው፣ አርቲስት ሞተ ተብሎ ይሄ ሁሉ ምንድነው፣ በየቀኑ ስንቱ እየሞተ አለ። እውነት አለው፤ አመጣጡ ግን ለቅሶ ቤት ገብቶ ስለ ኑሮ ውድነት እንደሚያወራ ሰው ነው። ቁጥር 13 ይሄንኑ ነገረው። በቃሉ ግን አልደግመውም፤ እናት ነክቷል። ለሁለቱም በውስጥ ጻፍኩላቸው። 12 ይቅርታ ጠየቀ። 13 ይኸው እስከዛሬ ዝም እንዳለ ነው።

ቁጥር 14። ፕሮፌሰር መስፍን ላይ ፖለቲካ ተነሳ። ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ እየተቀባበሉ ብዙ ጻፉ። ከቁጥር ውስጥ እንደ አንድ ቆጥሬያቸዋለሁ። የሚወዷቸውና የማይወዷቸው በሕይወት እያሉም አልተስማሙም፤ አሁንም አልተስማሙም። በ75 ዓመታቸው እስር ቤት መግባታቸውን አንዱ በጀግንነት፣ ሌላው በእልኸኝነት ጻፈው። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ያተረፍኩት አንዲት ጂኦግራፊ አስተማሪ መሐል ገብታ የተናገረችውን ነው። የተማረችበት ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ አንድ የኢትዮጵያ ካርታ ነበር፤ ከሳቸው አትላስ ተቆርጦ በሊጥ የተለጠፈ። ሊጡን አይጥ ሲበላው ካርታው ከምሥራቅ በኩል እየተነሳ ሄደ። አስተማሪው ኦጋዴንን በጣቱ ይዞ ነበር የሚያስተምራቸው። ከተጨቃጫቂዎቹ አንዱ ሳቀ። ሁለተኛው አልሳቀም ግን መጻፉን አቆመ።

ቁጥር 15። ነርስ ናት። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንን ለምን ማንም አላነሳም ብላ ጀመረች። ያረፉት መጋቢት 2012 ነው፣ በ96 ዓመታቸው፤ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገር ውስጥ ከተገኘ ገና አምስት ቀኑ ነበር። አገሩ ሁሉ ሳኒታይዘር ፍለጋ ላይ ስለነበር ሞታቸው እንደሚገባው አልተሰማም። በ1959 እ.ኤ.አ. ከባለቤታቸው ጋር ለሦስት ዓመት ኮንትራት መጥተው 61 ዓመት ቆዩ። የፊስቱላ ሆስፒታሉን በ1974 እ.ኤ.አ. ከፈቱ፤ ከ60 ሺህ በላይ ሴቶች ታክመውበታል። ታካሚ ሆና ገብታ እዚያው ቀዶ ሕክምና የተማረችውንና ሌሎችን የምታክመውን ማሚቱ ጋሼንም አነሳች።

ቀጥላ ያለችው ግን ከዚህ ሁሉ በለጠብኝ። አክስቷ አንዷ ታካሚ ነበረች። ምጥ ላይ ሦስት ቀን ቆይታ ልጁም ሞተ፣ እሷም ሽንቷን መያዝ አቃታት። ባሏ ተዋት። ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ አውቶቡሱ ውስጥ ከኋላ ፌስታል አንጥፈው ለብቻዋ አስቀመጧት፤ ከጎኗ የተቀመጠ አልነበረም። ከሆስፒታሉ የምትወጣ ሴት ሁሉ አዲስ ቀሚስ ተሰጥቷት ነው የምትሄደው። አክስቷም ተሰጣት። ያንን ቀሚስ አንድ ቀን ለብሳዋለች፣ ወደ አገሯ የተመለሰችበት ቀን። በመልሱ አውቶቡስ ላይ መሐል ወንበር ይዛ ተቀመጠች። ከዚያ ቀሚሱን ሳጥን ውስጥ ከተተችው። በዓመት አንዴ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ መልሳ ታጥፈዋለች። ነርሷ የዶክተሯን ሞት ደውላ ስትነግራት አክስቷ አላለቀሰችም። ወሩ የማስጫው ወር አልነበረም፤ ቀሚሱን ግን አወጣችው።

ከዚህ በኋላ ለግማሽ ቀን የጻፈ ሰው አልነበረም።

ቁጥር 16። የአምባሰል ሰው ነው። እማሆይና አበበች ጎበና አንድ ቦታ ላይ እንደሚገናኙ ልብ ያለ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ልብ ያለ አልነበረም። ግሸን ማርያም ናት። እማሆይ ገና በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊን የተማሩ፣ ካይሮ ሄደው ሙዚቃ ያጠኑ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። ከዚያ ሁሉ ተመልሰው ግሸን መነኑ፤ አስር ዓመት ያህል በባዶ እግር። አበበች ደግሞ በ1980 እ.ኤ.አ. እዚያው ግሸን ሊሳለሙ ሄደው በመንገድ ወሎን የመታውን ረሀብ አዩ። ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ሃያ አንድ ሆኑ። ቤተሰብም ባልም አልቻላቸውም፣ ከቤታቸው ወጥተው ከልጆቹ ጋር ጎጆ ውስጥ ገቡ። አንደኛዋ ፒያኖውን ትተው ወደ ግሸን ወጡ፣ ሁለተኛዋ ከግሸን ሲወርዱ ቤታቸውን ተዉ። የአምባሰሉ ሰው እኛ ግን ከግሸን የምንወርደው ጠበልና እምነት ይዘን ነው ብሎ በራሱ ቀለደ።

ቁጥር 17 እና 18። መኪና እስከ ላይ ይወጣል ወይስ በእግር ነው የሚል ጥያቄ መጣ። ለመስከረም 21 ጉዞ የሚያዘጋጅ አንድ ሰው ማስታወቂያውን ለጠፈ። አነሳሁት። ተቆጣ።

ቁጥር 19። ሳቅ ያመጣው ይሄ ነው። እናቱ አንድ ዘፋኝ ይወዳሉ፤ ማን እንደሆነ አልተናገረም፣ ሰውየው በሕይወት ስላለ። አንድ ቀን ሞተ ተብሎ ወሬ ተነዛ። እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ዘፋኙ የዘፈነበትን የሠርግ ቪዲዮ አስከፍተው ሁለት ቀን አለቀሱ። ጎረቤትም ንፍሮ ይዞ መጣ። በሦስተኛው ቀን ዘፋኙ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ እየሳቀ አልሞትኩም አለ። እናት ደስ አላቸው? የለም፣ ተቀየሙት። ሁለት ቀን ሙሉ አልቅሼልህ አንተ ትስቃለህ ነው ነገሩ። ልጁ እንደሚለው እስከዛሬ ያ ዘፋኝ ሲመጣ ቻናል ይቀይራሉ፤ በእሳቸው ሒሳብ የለቅሶ ዕዳ አለበት።

ቁጥር 20። እሺ ሳቃችሁ አለና ስለታሙን ነገር አመጣ። አርቲስት ታሞ አልጋ ላይ ሆኖ የባንክ ቁጥር ሲለጠፍለት ስንቶቻችሁ መቶ ብር ላካችሁ? ሲሞት ለአበባ ጉንጉን የሚወጣው ገንዘብ ለመድኃኒት የት ነበር? ብዙዎች ተስማሙ። አንዱ ግን መላክማ ልኬ ነበር፣ ገንዘቡ ለማን እንደደረሰ ነው ያላወቅኩት አለ። ሁለቱም ያሉት ልክ ስለሆነ ጭቅጭቁ አሸናፊ አልነበረውም።

ቁጥር 21። ከሚኒሶታ የጻፈ ነው። ትንሽ ኮርቷል፣ ትንሽ ተቀይሟል። ዘፋኝ ሲሞት ትነቃላችሁ፣ ሊቅ ሲሞት ትተኛላችሁ አለን። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ሰኔ 2013 ላይ አረፉ። በ1968 ሊያስሯቸው የመጡ የደርግ ወታደሮች ተኩሰው ከወገባቸው በታች ሽባ አደረጓቸው። ከዚያ ወዲያ በተሽከርካሪ ወንበር፣ ኮሌጅቪል በምትባል በረዷማ የሚኒሶታ ቦታ፣ ከኢትዮጵያ ገዳማት በፊልም የተነሱ የብራና መጻሕፍትን አንድ በአንድ እያነበቡ ሲመዘግቡ ኖሩ። የሸንኮራ ልጅ በረዶ ውስጥ ቁጭ ብሎ የአገሩን ብራና ሲገልጥ አስቡት ይለናል። በ1988 እ.ኤ.አ. የማክአርተር ሽልማት ተሰጣቸው። ቁጥር 22 እግረ መንገዱን ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርን ጨመረ፤ እሳቸውም መጋቢት 2015 ነው ያረፉት፣ እማሆይ ሊያርፉ ስድስት ቀን ሲቀራቸው። ዘረመላቸው ስለተለወጠ ዘሮችና ሕያዋን በተደረገው የካርታሄና ስምምነት ድርድር ላይ ለአፍሪካ የተሟገቱት እሳቸው ናቸው። የራሱ የ22 አባት ገበሬ እንደሆነና ስለ ተወልደ ብርሃን ሲነግረው፣ ሰው ዘሩን በሊቅ ማስጠበቅ ጀመረ ወይ ብሎ እንደተገረመ ጻፈ። እዚህ ላይ ብዙ ቢባል ደስ ይለኝ ነበር፤ አልተባለም። የ21ን ቅሬታ ራሱ ውይይቱ አረጋገጠለት።

ቁጥር 23። ለእኔ ከሁሉም የበለጠው ይሄ ነው። አያቷ መንዝ ውስጥ ሙሾ አውራጅ ነበሩ። ሰው ሲሞት ይጠራሉ። ድንኳኑ ውስጥ እንደገቡ አያለቅሱም። መጀመሪያ ሴቶቹ መሐል ተቀምጠው ይጠይቃሉ። ምን ይወድ ነበር? ሲሄድ እንዴት ነው? በሬው ምን ይባላል? ከማን ጋር ተጣልቶ ሳይታረቅ ቀረ? ፈረስ ከነበረው የፈረሱ ስም። ደግ ሰው ነበር የሚል ካለ አያቷ እጃቸውን ያወዛውዛሉ፤ እሱን እኔም ሳላየው እላለሁ ማለታቸው ነው። የሚፈልጉት በሩን ሲከፍት በየትኛው ትከሻው እንደሚገፋ ነው። ያንን ካገኙ በኋላ ይነሳሉ፣ ግጥሙን ያወርዱታል፣ ያኔ ለቀስተኛው ሁሉ ይነድዳል። አንድ ጊዜ የአንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ምንም ሊነግራቸው አልቻለም። ሰውየው ምን እንደሚወድ ሚስቱም ልጆቹም ተያዩ። አያቷ ተነስተው፣ እንግዲያስ ለዚህ ሰው ማልቀስ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ፣ እኔ ምን አውቄ ብለው ሻሻቸውን አስተካክለው ወጡ። የተከፈላቸውን ጤፍ ግን አልመለሱም።

ቁጥር 24። በ23 ተነሳስቶ ለምሩጽ ይፍጠር ግጥም ሞከረ። ምሩጽ ያረፈው በ2009 ነው፣ ካናዳ ውስጥ፤ በሞስኮ ኦሎምፒክ አምስት ሺህንም አስር ሺህንም ያሸነፈው ማርሽ ቀያሪው። ግጥሙ ማርሽ የሚለውን ቃል የሚመታለት አጥቶ በሦስተኛው ስንኝ ላይ ወደ ታክሲ ወሬ ገባ። ሹፌር መሆኑን በኋላ ነው የነገረን። ቁጥር 25 የ23 አያት ቢሰሙት ጤፉን ይመልሱ ነበር አለው።

ቁጥር 26። የመጀመሪያው ሰውዬ፣ ያ «ነፍስ ይማር» ብሎ የሄደው፣ ከአራት ቀን በኋላ ተመለሰ። ያኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ረጅም ለመጻፍ ጊዜ አልነበረኝም አለ። ለማን እንደሆነም አሁን ተናገረ። ለአባባ ተስፋዬ ነው። አዎ፣ ሐምሌ 2009 ነው ያረፉት፣ ቅርብ ነው አይባል ይሆናል፤ እሱ ግን ቅርብ ነው ይላል። ከ1957 ጀምሮ 42 ዓመት ያህል የልጆችን ጊዜ ያቀረቡትን ሰው ያላየ የለም። እሱ አይቷቸዋል። አልሰማቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰፈሩ ቴሌቪዥን ያላቸው አንዲት ሴትዮ ነበሩ። ልጆች ሳሎናቸው እንዲገቡ ይፈቅዳሉ፤ ግን በር ላይ ቆመው እግር ያያሉ። እግሩ የታጠበ ይገባል፣ ጭቃ ያለበት በመስኮት። የሱ ቤት ቦኖው ሩቅ ነበር፣ እሱ ሁልጊዜ በመስኮት ነው። መስኮቱ ይዘጋል፣ ብርድ ይገባል ተብሎ። አባባ ተስፋዬ ከመስተዋት ወዲያ ጤና ይስጥልኝ ልጆች ሲሉ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ያያል። ውስጥ ያሉት ልጆች አፋቸውን ከፍተው መልስ ሲሰጡ ያያል። እሱም ውጭ ሆኖ ይመልሳል። ተረቱን የሚያገኘው በማግስቱ ከታጠቡት ልጆች ነው፣ በብይ ገዝቶ። ለአባባ ተስፋዬ በልቡ አንድ ድምፅ ሠርቶላቸው ነበር፤ ወፍራም፣ የአጎቱን የመሰለ። ቤታቸው ቴሌቪዥን ሲገባ እሱ ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዷል። ያረፉ ዕለት ማታ ዜናው ላይ የድሮውን ምስል ለቀቁት፤ እሱም ሆቴል ቤት ቁጭ ብሎ እራት እየጠበቀ ነበር። ጤና ይስጥልኝ ልጆች ሲሉ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማቸው። የአጎቱ ድምፅ አልነበረም። አስተናጋጇ ምን ሆነህ ነው ብላ ጠየቀችው፤ በርበሬው ነው አላት። ገና ምግቡ አልመጣም ነበር።

ቁጥር 27። አንዱ አንድ ተረት ስንት ብይ እንደነበር ጠየቀው።

ቁጥር 28። ሁለት፣ አለ። ጅብ ካለበት ሦስት።